እርሳስ አይዋሽም

በመንደሩ እርሳስ አይዋሽም ይባላል። እያንዳንዱ አዳኝ አረር የሚያፈስበት መቅረጫ ውስጥ የራሱ ምልክት ተፈልፍሏል። የፒንቲሊዬ ምልክት መስቀል፣ የኢሪሚያ ደግሞ ጨረቃ ነው። ከወደቀ አውሬ ሥጋ የወጣ አረር ገዳዩን ከተናገረ ክርክር የለም።

በዚያ መኸር ምስለኔው አዋጅ አስነገረ። ትልቁን ከርከሮ የገደለ በጌታው አደን ላይ በቀኛቸው ይቆማል። ቀይ ካባ ይለብሳል፣ ከማዕዳቸው ይበላል፣ ቀብሩንም ጌታው ይችላሉ። ማንም ካልገደለ ምስለኔው ራሱ የመንደሩን ምርጥ ተኳሽ ይወስዳል። ጌታው ዓይናቸው ደከም ቢልም ተኩስ ነፍሳቸው ነው።

"ከኢሪሚያ አያልፍም" አለ መንደሩ። ምርጡ ተኳሽ እሱ ነበር፤ ቦታውም የአባቱ ነበር። አባቱ ካባውን የለበሰው ለአንድ አደን ነው። ካባው ጀርባው ላይ ያለው የአረር ቀዳዳ ተጥፎ እናቱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ልጁ ከዚያ ወዲህ በሰው ጓሮ እንጨት እየፈለጠ አደገ።

ከከርከሮው አደን በፊት ባለው ቀን ኢሪሚያ ፒንቲሊዬ ደጃፍ ቆመ። ፒንቲሊዬ ባለወፍጮ ነው፤ ጉራው ከወፍጮው በላይ ይጮሃል።

"አረርህን ላፍስልህ" አለው።

"አንተ? ልታበላሽብኝ ነዋ!"

"ቆመህ እየኝ።"

እርሳሱ ቀለጠ። የመጀመሪያው አረር እንደ አሮጊት ጉንጭ ተጨማዶ ወጣ።

"ይኸውልህ! አላልኩም?"

"መቅረጫው ገና ሳይሞቅ የፈሰሰ እንዲህ ነው፤ አይቆጠርም።" ኪሱ ውስጥ ጣል አድርጎት ቀጠለ። ስድስት አወጣ፣ እንደ እንቁላል ልሙጥ። ፒንቲሊዬ አንድ በአንድ ነክሶ ፈተናቸው።

"ይሄ ልጅ ተንኮል አለው" አለች ሚስቱ ከጓዳ።

በማግስቱ ጠዋት እናቱ ጨረቃ ያለባቸውን ስድስት አረሮች ቆጥራ ለኢሪሚያ ሰጠችው። ሳትስመው አልለቀቀችውም።

ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ። ከርከሮው በአርባ እርምጃ ላይ ብቅ አለ። ሁለት ተኩስ ባንድ ጊዜ ጮኸ፤ የባሩድ ጭስ ሸፈናቸው። ጭሱ ሲገለጥ ከርከሮው ወድቋል። ፒንቲሊዬም ዓይኑን ገለጠ።

ሽማግሌው ኦኖፍሬ ቢላዋቸውን ሰደው አረሩን አወጡ። በአንድ ጎኑ ተጨፍልቋል፣ በሌላው ተጨማዷል፤ መሃሉ ላይ መስቀል አለ።

"የፒንቲሊዬ ነው" አሉ።

"ነግሬያችሁ ነበር!" ፒንቲሊዬ ደረቱን ነፋ። "ኢሪሚያ ወንድሜ፣ አይክፋህ፤ ካባው ሲያረጅ ላንተ ነው።"

"ይመችህ ጋሼ" አለ ኢሪሚያ።

"የአባቱን ቦታ ተነጠቀ፣ ምስኪን" ተባባሉ ሴቶቹ። ምስለኔው ከሩቅ የሚታየውን ቀይ ካባ በፒንቲሊዬ ትከሻ ላይ ጣለ።

ኢሪሚያ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋና ኪሱን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠ። እናቱ ጨረቃዎቹን ቆጠረች፤ ስድስት ነበሩ።