አይሰጥሜ

ጀሚላ በምርኩዟ ጫፍ የጀልባውን ሆድ ኳ ኳ አደረገችው። ከኦሎምፒያ ወረድ ብሎ ያለው ሱቅ ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ነው፤ ቀዩ ጀልባ መሐሉ ላይ እንደ ሙሽራ መኪና ተወልውሎ ተቀምጧል።

«ማዘር፣ ቀስ ይበሉ፣ ቀለሙ እንዳይጫር» አለ ሻጩ ኤልዳድ ፈገግ እንዳለ።

«ምርኩዝ የሚጭረው ከሆነ ድንጋይ ምን ሊያደርገው ነው?»

ልጇ አሚር አንገቱን ደፋ። ከካዛንቺስ እዚህ እስኪደርሱ «እማ፣ ዛሬ እንኳ ሰው አትናገሪ» ሲላት ነበር የመጣው። አሚር ዓሣ አስጋሪ ነው፤ ወሎ፣ ሐይቅ ላይ፣ ከታላቅ ወንድሙ ከሐሚድ ጋር ይሠራ ነበር። ሐሚድን ባለፈው ክረምት ውሃ በላው። አሁን አሚር ወደዚያው ሊመለስ ነው። አትሂድ ብትለው እንደማይቀር ታውቃለች። ስለዚህ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጀልባውን የምመርጠው እኔ ነኝ።

ሐሚድ ሲሞት አላለቀሰችም፤ አሁንም አታለቅስም። ከሐሚድ ወዲህ ደስታውም ቁጣውም እንደ ጎረቤት ቤት ወሬ ነው የሚደርሳት፤ ይሰማል እንጂ የራሷ አይደለም። ምላሷ ብቻ እንደ ድሮው ነው። እሱም ልማድ ሆኖባት።

«ይሄ ማሪን ግሬድ ነው» አለ ኤልዳድ። «ማለቴ፣ የባሕር ጨው ራሱ አይበላውም።»

«የእኛ ውሃ እኮ ይጠጣል ልጄ። ጨው ከየት ይመጣበታል?»

«እሱማ... በቃ፣ ጥራቱን ለመግለጽ ነው። ፕሮፌሽናል የሚባለው ነው፣ ፕሪሚየሙ።»

«ስማቸውን ጠራህልኝ፤ ደግ። ሥራቸውስ ምንድን ነው?»

አሚር ሳያስበው ሳቁ አመለጠው። ኤልዳድም አብሮት ሳቀ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ የተባለውን ነው የሚለው። ጀሚላ ይህን አየች፤ አየችና ተወችው።

በጀልባው ጎን ላይ በትልልቅ ነጭ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ። «ይሄስ ምን ይላል?» አለች።

ኤልዳድ ይችን ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ቀና አለ። «አይሰጥሜ ይላል። እንደ አይበገሬ፣ እንደ አይደፈሬ በሉት። ሆዱ ውስጥ ፎም ተሞልቷል። ውሃ ቢገባበት አይሰጥምም፤ ቢገለበጥ አይሰጥምም።»

«አይሰጥምም።»

«በፍጹም ማዘር።»

«የሐሚድም አልሰጠመችም።»

«እማ» አለ አሚር ቀስ ብሎ።

«አልሰጠመችማ። ጠዋት እንደ ዳክዬ ተንሳፍፋ ራሷን ችላ ዳር ወጣች። መረቡ እንደታጠፈ፣ ነጠላ ጫማው ውስጧ እንደ ደረቀ። አገሩ ሁሉ መጥቶ፣ ጀልባዋማ ምንም አልሆነች አለ። የሰጠመው ልጄ ነው።» ድምጿ አልተሰበረም፤ መንገድ ለጠፋበት ሰው መንገድ የምታሳይ ነበር የምትመስለው። «አንተ የምታወራኝ ስለ ፕላስቲኩ ነው። አይሰጥሜ ያልከው ማንን ነው? ጀልባውን ነው ሰውየውን?»

ኤልዳድ ነጩን ጽሑፍ መልሶ አየው። ውጭ አንድ የታክሲ ረዳት «ደምበል፣ ስታዲየም» እያለ ይጣራል።

«ጀልባውን» አለ በመጨረሻ።

«እንዲህ አውራኝ» አለችና ወደ አሚር ዞረች። «ተንበርከክ።»

«ምን?»

«ወለሉ ውሃ ነው፤ ወድቀሃል። እግርህን ሳትተክል ግባበት።»

አሚር ሻጩን አየ፣ እናቱን አየ፣ ከዚያ ሱሪውን ሰብስቦ ሴራሚኩ ላይ ተንበረከከ። እጁን ወደ ቀዩ ጠርዝ ሰቀለ። የጀልባው ጎን ከፍ ያለ ነው፤ ወደ ውጭም አብጧል። ጣቱ ተንሸራተተ። ደገመ፤ ተንሸራተተ። በደረቱ ተለጥፎ ሊወጣ ቢሞክር እንደ ሳሙና ቁልቁል መለሰው።

«ማዘር፣ ውሃ ላይ ሲሆን እኮ ጀልባው ዝቅ ይላል» አለ ኤልዳድ።

«ሰውም ዝቅ ይላል።»

አሚር ተነስቶ ጉልበቱን ሲያራግፍ፣ ሻጩ የበሩን ማዶ አየት አደረገና ድምፁን ቀነስ አድርጎ «ከጓሮ አንድ አለ» አለ። «ለደንበኛ አናሳየውም። ስምም የለው።»

ጓሮ፣ ከካርቶን ክምር አጠገብ፣ ግራጫ የአሉሚኒየም ጀልባ ተጥሏል። ጠፍጣፋ ነው፣ ጎኑ አጭር፤ በመርከብ ሲመጣ አንድ ቦታ ተሰርጉዷል። ዙሪያውን ግን ከጠርዙ ሥር ቀጭን ብረት ተበይዶበታል፤ እንደ አውቶቡስ መያዣ ብረት ያለ፣ እጅ የሚጨብጠው።

አሚር ሳትነግረው ተንበረከከ። ብረቱን ጨበጠ። እጁ አልከዳውም። ሳብ ሲያደርግ ጉልበቱ ከመሬት ተነሳ፣ ደረቱ ጠርዙ ላይ ደረሰ።

«ወጣሁልሽ» አለ እየሳቀ።

«አትውጣ። ተንጠልጠል።»

«እንዴት?»

«ደክሞሃል። ልብስህ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ሰው እስኪደርስልህ ተንጠልጠል።»

አሚር ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ እግሩን ወደ ኋላ አጥፎ፣ በክንዱ ብቻ ቀረ። ኤልዳድ መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ቀስ በቀስ ፈገግታው ጠፋ። የአሚር አንገት ሥሩ ተገተረ። ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እማ፣ ልልቀቀው?»

ጀሚላ ምርኩዟን የካርቶኑ ክምር ላይ አስደገፈች።

«ማዘር፣ ይበቃዋል» አለ ኤልዳድ።

ጎንበስ ብላ መዳፏን በልጇ ጣቶች ላይ ጫነች። ይንቀጠቀጣሉ። ይሞቃሉ። እጇን አላነሳችም።