ትልቅ ጥርስ ከትልቅ ጥርስ ጋር

ጡረታ የወጣው የሂሳብ መምህር ስለ ሳይክል ማርሽ ማውራት ከጀመረ እህል ውሃም አያስታውስም።

«ትልቅ ጥርስ ከትልቅ ጥርስ ጋር!» ይላል ጣቱን ቀስሮ፤ የፊቱን ማርሽ ከኋላው ማለቱ ነው። «ካቴናው ትንሽ ጥርስ ላይ ሲዞር ክፉኛ ይታጠፋል። በታጠፈ ቁጥር ይፋተጋል፤ በተፋተገ ቁጥር ጉልበትህን ይበላል። ትልቁ ላይ ግን ለስለስ ብሎ ያልፋል። ያው ፍጥነት፣ ያነሰ ድካም!»

ሚስቱ ይህን ንግግር በቃሏ ታውቀዋለች። ልብስ እየተኮሰች «እሺ» ትለዋለች።

ስሌቱ ደግሞ ሠርቶለታል። ዓምና ዳገቱን ሲወጣ መሃል ላይ ወርዶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ሳይክሉን እየገፋ ነበር ቤቱ የገባው። ሚስቱ ደንግጣ ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ «ዕድሜ ነው» ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ለጡረታው ብላ አዲስ ሳይክል ገዛችለት። ከበድ ይላል እንጂ የሚያምር ነው። እሷም እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቀው፤ ማታ ማታ ካውያዋ ካለበት ክፍል አስገብታ ትቆልፍበታለች። ያን ጊዜ መምህሩ ስለ ማርሽ ማንበብ ጀመረ። ይኸው ዛሬ ዳገቱን እንደ ጎረምሳ ይወጣዋል።

ችግሩ ቀጮ ነበር።

ቀጮ ልብስ ሰፊ ነው፤ የመምህሩ አብሮ አደግ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳገቱን አብረው ወጥተው፣ ውሃ ማጠራቀሚያው ጥላ ሥር ተቀምጠው ሰው ያማሉ። ቀጮ ማርሽ ቀይሮ አያውቅም። ካቴናውን ትንሿ ጥርስ ላይ ጥሎ እግሩን እንደ ስፌት መኪናው ያሽከረክረዋል። በመምህሩ ስሌት ኋላ መቅረት ነበረበት። አይቀርም። ጭራሽ ይቀድማል።

አንድ ቅዳሜ ጎን ለጎን ሲወጡ መምህሩ ድምፅ ሰማ፤ እዝዝ የሚል፣ የንብ ዓይነት።

«ይሰማሃል?»

«ምኑ?» አለ ቀጮ።

«ምኑ ትለኛለህ ደግሞ!»

ቀጮ ስቆ ወደፊት ተፈተለከ። ድምፁ ግን መምህሩ ጆሮ ሥር ቀረ። «ነፋሱ ነው የሚያመጣው» አለ ለራሱ።

ቤት እንደገባ ለሚስቱ ነገራት። «ቀጮ ሳይክሉ ውስጥ ሞተር ደብቋል!»

ካውያው እጇ ላይ ቀጥ አለ። «ኧረ ተው! በጓደኛህ?»

«በጆሮዬ ሰማሁ እኮ! ጠጋኙ ጋ ወስጄ አስፈታዋለሁ።»

«እባክህ ተወው። በትንሽ ነገር ሰው ታጣለህ።»

«እያታለለኝ አብሮኝ ከሚወጣ ባጣው ይሻለኛል።»

ለቀጮ ይህን ያህል ለምን እንደምትቆረቆር አልገባውም። ራቷን ሳትነካ ተነሳች። ነገሩ ከነከነው።

በማግስቱ መምህሩ ክሱን ለቀጮ ነግሮት፣ ሁለቱም በየሳይክላቸው ጠጋኙ ጋ ተገኙ፤ ሚስቱም ሳትጠራ መጣች። ቀጮ ሳይክሉን አስረከበ።

«ፍታው» አለ ለጠጋኙ። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረ። «ንጹህ ሆኖ ከተገኘ ግን፣ ከእንግዲህ ዳገቱን ለብቻህ ውጣው።»

መምህሩ «ይቅር» ሊል ቃጣው። ነገር ግን አንዴ ተናግሯል፤ አፍ ቢሳሳት ደግሞ ሰው ፊት አይመለስም።

ጠጋኙ ኮርቻውን ነቀለ፤ ፔዳሉን ፈታ፤ ቱቦው ውስጥ መብራት አብርቶ አየ።

«ጋሼ፣ ከዝገት በቀር ምንም የለውም።»

መምህሩ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ስሌቱ አልሠራም ማለት ነው? ጓደኛውንም በከንቱ?

«እንግዲያው ያንተም ይታይ» አለ ቀጮ፣ ወደ መምህሩ ሳይክል እየጠቆመ።

«ይታይ! ጥርሶቼንም ተማሩባቸው!» አለ መምህሩ፣ ከእፍረቱ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ያገኘ መስሎት።

«የሱ አይነካም!» ሚስቱ ጮኸች፤ ኮርቻው ላይ እጇን ልትጭን ተንደረደረች። ጠጋኙ ግን ቀድሟት ነበር።

«ሐኪሙ ‹ዳገት ልቡ አይችልም› አለኝ፤ አንተን ከዳገቱ ማስቀረት ደግሞ እኔ አልቻልኩም» አለች፣ ጠጋኙ ከባሏ ሳይክል ቱቦ መዝዞ ያወጣትን ሞተር ከእጁ እየተቀበለች።