አሥራ ሦስት በርሜል

«ሰኪው!» ይላል ባሌ ኦርቶን ጣሪያው ላይ ቆሞ፣ መጥረጊያውን እያወዛወዘ። «ኧረ ሰኪው፣ ሊያባራ ነው እኮ!»

ቱቦውን በሁለት እጄ ጨብጬዋለሁ። ከታንከሩ አፍ ስለነቀልነው ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ ሁሉ መሬት ላይ ይፈሳል። ውሃው አሁንም ግራጫ ነው። ማዶ ደሴት ያለው ተራራ ከፈነዳ ወዲህ የደሴታችን የቤክዌይ ጣሪያ ሁሉ አመድ ለብሷል፤ ሳይታጠብ ብንቀበለው ታንከሩ ውስጥ የቀረችንን ውሃ ያበላሽብናል። የቀረችው ደግሞ ጥልቀቷ ከክርን አያልፍም። ውሃ የምታመጣው መርከብ ቀርታለች፤ እዚህ ወንዝ የለ፣ ምንጭ የለ። የልጄ ወተት የሚበጠበጠው በዚያችው ውሃ ነው። ፈርቻለሁ።

ጠዋት ኦርቶን የጣሪያውን ርዝመት በወርዱ አባዝቶ፣ «አንድ ኢንች ከጣለልን አሥራ ሦስት በርሜል ነው» ብሎኝ ነበር። «ሁለቱ ለአመዱ ማጠቢያ ይሂድ። የቀረው የኛ ነው።»

«ሁለት በርሜል ሞላ እንዴ?» እላለሁ።

«አራት ሞላ! አትክልት ነው እንዴ የምታጠጪው?»

«አልጠራማ!»

ጎረቤታችን ሚስ ቨርና ከአጥር ወዲያ ይጣራሉ። «እኔማ ሰክቻለሁ፣ የኔ ልጅ! ሌላ ዝናብ መቼ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?»

የቆርቆሮው ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል። አላስችል ይለኛል፤ እሰካዋለሁ። ውሃው ታንከሩ ውስጥ ሲንዠቀዠቅ ኦርቶን ያፏጫል፣ እኔም እንደ እብድ እስቃለሁ።

«ብታይው! ቆርቆሮው ተወልውሏል፣ አንዲት አመድ የለበትም!» ይላል።

ያኔ ነው እጅጌዬን የማየው። ነጭ ሸሚዝ ነው የለበስኩት፤ ከሰማይ በቀጥታ ያረፈበት ጠብታ ሁሉ ግራጫ ነጥብ ትቶበታል። ጣሪያው ከታጠበ ቆይቷል። የቆሸሸው ዝናቡ ራሱ ነው።

ቱቦውን መንጭቄ አወጣዋለሁ። «ሚስ ቨርና፣ ይንቀሉት! ይንቀሉት!»

ኦርቶን ከመሰላሉ ዘሎ ይወርዳል። ምን ሆነሽ ሊለኝ አፉን ይከፍትና እጅጌዬን ያያል። ከታንከሩ በባልዲ ይቀዳል፣ ነጭ ኩባያ ሞልቶ ደረጃው ላይ ያስቀምጣል።

የገባው አመድ ትንሽ ይሆናል። ደግሞም ይዘቅጥ ይሆናል። ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለን የኩባያውን ግርጌ በዓይናችን እንፈልጋለን። ቤት ውስጥ ልጁ ነቅቶ ማልቀስ ይጀምራል፤ የረሃብ ለቅሶው ነው፣ አውቀዋለሁ። ሁለታችንም አንነሳም።