የመጨረሻው ጣሳ ባሩድ

ሜርል ቶስትሩድ ግልገሎቹን የፈጀችበትን ቀበሮ አነጣጥሮ ቃታውን ሲስብ፣ ጠመንጃው ወደ ፊት መተኮሱን ትቶ ወደ ኋላ ፈነዳ። የብረቱ ስባሪ በቀኝ ዓይኑ ገብቶ በማጅራቱ ወጣ። ቀበሮዋ አንድ ፀጉሯ እንኳ አልተነካም፤ ቆም ብላ አየችውና መንገዷን ቀጠለች።

ሚስቱ አርዲስ ከበረት ሮጣ ስትደርስ የሚታወቅ ፊት አልነበረውም። በጓንቱ ነው የለየችው።

በዚያ በምሥራቅ ሞንታና ገበሬ ጥይቱን የሚሞላው በገዛ እጁ ነው። የተተኮሰውን ቀለህ ይለቅማል፣ ያጥባል፣ ባሩዱን በሚዛን ለክቶ ይጨምራል፣ እርሳሱን ይገጥማል፤ የበረዶው ወራት የሚያልፈውም በዚሁ ነው። ባሩድ ደግሞ እንደ ሰው ጠባዩ ለየቅል ነው። የጠመንጃው ቀስ ብሎ ይነዳል፣ የሽጉጡ ብው ይላል። የሽጉጡን ባሩድ በጠመንጃ ቀለህ ሞልቶ መተኮስ ቦምብ ጉንጭ ሥር አስደግፎ ማፈንዳት ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ማንም ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት አይተኩስም፣ የገዛ አባቱ የሞላውን እንኳ! ሲሞላ አላየውማ፣ ምኑን ያምናል?

ሜርልና ጎረቤቱ ሆሊስ ብራንት ጠመንጃቸው አንድ ዓይነት ስለነበር ከጦር ሠራዊት የተረፈ ባሩድ በበርሜል ገዝተው እኩል ተካፍለው ነበር። ፋብሪካው ያንን ባሩድ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ሆሊስ ድርሻውን ጨርሶ ከሱቅ መግዛት ጀምሯል፤ ሜርል አንድ ጣሳ ቀርታው እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃት ነበር። ሰውም መጀመሪያ ያለው፣ "ምስኪን፣ ጣሳ ተሳስቶ ነው" ነው።

የሟቹ ወንድም ቨርን ግን አልተዋጠለትም።

"ሜርል ነው ጣሳ የሚሳሳተው? ኧረ ተዉኝ!"

ከቀብሩ መልስ ወንድሙ ጥይት ይሞላበት የነበረው ክፍል ገባ። ጣሳዋን ከፈተ፤ ትክክለኛው ባሩድ ነው። ቀጥሎ ከመደርደሪያው የጥይቶቹን ሳጥን አወረደና እርሳሳቸውን በፒንሳ እየነቀለ ባሩዱን ነጭ ሳህን ላይ ማፍሰስ ጀመረ። አብዛኞቹ ደህና ናቸው። በመሐል በመሐል ግን ሌላ መጣ፤ ስስ፣ ጠፍጣፋ፣ የሽጉጥ ባሩድ።

"ይሄ ስህተት አይደለም" አለ። "ሰው ነው የቀላቀለው። አርዲስ፣ እዚህ ማን ገብቷል?"

አርዲስ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

"ሆሊስ" አለች። "ባለፈው ሳምንት። ሜርል በጎቹን ሊያጠጣ ወጥቶ ነበር። በመስኮት አየሁት፤ እጁ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ስጠራው ድንግጥ አለ።"

ሆሊስ! ሌላ ማን ይሆናል? ሁለቱ ባለፈው መኸር በሚጋሩት ምንጭ ውሃ ተጣልተው፣ ሆሊስ በሰው ፊት የሜርልን መንጋጋ በአካፋ እጀታ ሰብሮታል። ሜርል በስትሮ ሾርባ ሲመጠምጥ ነው የከረመው። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ይስቅበት ነበር።

"ይቅር ብሎት ነበር እኮ!" አርዲስ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ቤቱ ድረስ ሄዶ ታረቀው። ከዚያ ወዲህማ በየቀኑ ነው የሚደውልለት። 'እንዴት አደርክ? ቀበሮዋ አልመጣችም? ወጥተህ አልተኮስክም እንዴ?' ይለዋል። ያ ሰውዬ መልሱ ሁሌ 'ሥራ በዝቶብኛል' ነው። እንዲህ ለሚያስብለት ሰው!"

ቨርን ሌላ መስማት አልፈለገም። ሜርል ጥይቱን ራሱ ይሞላለት የነበረውን ሽጉጥ ከግድግዳው አወረደ፤ ከሱቅ የተገዛ ጥይት አጉርሶ መኪናው ውስጥ ዘሎ ገባ። አርዲስም "ቨርን፣ ተው! ፖሊስ እንጥራ!" እያለች አብራ ገባች። አልተመለሰም።

ሆሊስን በረቱ ውስጥ አገኙት፤ ተንበርክኮ በግ ያዋልዳል። ቀና ከማለቱ ቨርን በሽጉጡ እጀታ አፉን አለው። ጥርሶቹ ገለባው ላይ ተበተኑ።

"ወንድሜን ገደልከው፣ አንተ ውሻ!"

"እኔ? ኧረ በፈጠረህ ቨርን!"

"ጥይት የሚሞላበት ክፍል ገብተሃል አልገባህም?"

ሆሊስ ደሙን በእጅጌው ጠረገ። ቨርን በጫማው ጎኑን መታው፤ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ።

"ገብተሃል ወይ?"

"ገብቻለሁ።"

"ምን ልትሠራ?"

ሆሊስ አርዲስን ቀና ብሎ አያትና አንገቱን ደፋ።

"ተወው ቨርን። ሰውየው ሞቷል። አሁን ሚስቱ ፊት ይሄን ማንሳት ነውር ነው።"

"ነውር! ነውር የምታውቅ ሆነሃል?" ሽጉጡን ግንባሩ ላይ ደገነበት። "ሳጥኑ ውስጥ ጥይት ጨምረሃል አልጨመርክም? አንድ ቃል ብቻ!"

"ጨምሬያለሁ" አለ ሆሊስ ደም እየተፋ። "እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ ግን..."

ቨርን "ግን"ን አልጠበቀም። ሽጉጡን ዝቅ አድርጎ ሆዱ ላይ ለቀቀበት፣ ደገመው። በጎቹ እየጮኹ ግድግዳውን ገፉት።

አርዲስ ወድቃ የሆሊስን ኮሌታ በሁለት እጇ ጨመደደችው።

"ለምን? ታርቆህ አልነበር? ምን አድርጎህ ነው? ንገረኝ!"

"የጨመርኩት... ራሱ ሜርል ለእርቃችን ብሎ፣ በእጁ ሞልቶ ያመጣልኝን ጥይት ነው" አለ ሆሊስ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "የሰው ጥይት አልተኩስም... አልፈልግም ብለው እንዳይከፋው፣ የመጨረሻ ጣሳ ባሩዱንም እንዳልጥልበት፣ ደብቄ መለስኩለት።"