የግንበኛው አሥር ጣቶች

«ፈርሜያለሁ እኮ!» አለ ግንበኛው፣ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ። ደግሞስ እንዴት ያለች ፊርማ! የመጀመሪያዋ ፊደል ጎንበስ ያለች፣ የመጨረሻዋ ጭራዋን ወደ ላይ የሰቀለች። አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ የማታ ትምህርት ገብቶ፣ ልጆቹ ከሚሆኑ ጎረምሶች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋፍቶ ያገኛት ፊርማ ናት።

«አይቻታለሁ አባቴ፣ በጣም ታምራለች» አለች የባንኩ ሠራተኛ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ። «ግን ቤት ሲያስይዙ የአውራ ጣት አሻራም ያስፈልጋል። ደንቡ ነው፣ ምን ላድርግ?»

ግንበኛው ፊቱ ቅጭም አለ። ፊደል ሳይቆጥር በፊት ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ሲጫን፣ ከኋላው የሚሳሳቁበት ነበሩ። ፊርማ የተማረ ዕለት «ከእንግዲህ ጣቴን ወረቀት ላይ አያዩዋትም» ብሎ ማለ። ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት።

አጠገቡ የተቀመጠችው ልጁ መምህርት ናት። ባንኩ በደመወዝሽ ብቻ የቤት መግዣ አላበድርሽም ስላላት ነው አባትየው በገዛ እጁ የሠራትን ቤት ሊያስይዝላት፣ ካርታዋን በፌስታል ጠቅልሎ የመጣው። ቤቱን የሚሸጥላት ሰውዬ ደግሞ የታገሣት እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ ካለፈ ለሌላ ገዢ ይሰጠዋል።

«አባዬ፣ ከከበደህ ይቅር፣ የምሬን ነው» አለችው። «እየተከራየሁ እኖራለሁ፣ ምን እሆናለሁ?»

«ዝም በይ አንቺ!» አለና እጅጌውን ሰበሰበ። «መሐላዬ ካንቺ ይበልጣል? አምጪው ቀለሙን!»

አውራ ጣቱን ነክሮ ተጫነ። ሠራተኛዋ ወረቀቱን አነሳችና ወደ ብርሃን አስጠጋችው። ድፍን ጥቁር ነው፣ አንድም መስመር የለበትም። ጣቱን በሶፍት ጠርጋ እንደገና አስጫነችው፤ ያው። ሦስተኛም ሞከሩ፤ ያው።

«አባቴ፣ ጣትዎ መስመር የለውም እኮ! ምን ነክተው ነው?»

«ምን ያልነካሁት አለ? ሲሚንቶ በይ፣ ኖራ በይ፣ ድንጋይ በይ፣ አርባ ዓመት ሙሉ!» ብሎ ሳቀ። ዓይኑ ግን ወደ ግድግዳው ሰዓት ሄደ። ሰዓቱ አሥር ተኩል ሆኗል። ይህን ሁሉ መንገድ መጥታ ልጄ በእኔ ጣት ቤት ልታጣ ነው እንዴ?

ሠራተኛዋ ተነስታ አለቃዋን ጠይቃ መጣች። መስመሩ ከታየ የትኛውም ጣት ይሆናል፤ የትኛው እንደሆነ ይጻፍበታል።

አሁን እጁን ልጁ ተቀበለችው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ይዛ ቀለሙ ላይ፣ ከዚያም ትርፍ ወረቀት ላይ ታስጭነው ጀመር። ሌባ ጣት፣ ድፍን። የመሀል ጣት፣ ድፍን። ቀኝ እጁ አለቀ። ግራው ጭራሽ የባሰበት ሆነ፤ ድንጋዩን ደግፎ የሚይዘው እሱ ነዋ። የእጁ ጀርባ ላይ ትኩስ ነገር ጠብ ሲል ቀና ብሎ አያት።

«አንድ ቀን እንኳን ነግረኸኝ አታውቅም» አለች፣ በአይበሉባዋ ጉንጯን እየጠረገች።

«ምኑን ልንገርሽ? እኔስ መቼ አወቅኩ? ስቆጥራቸው ሁሌም አሥር ናቸው።»

እያለቀሰች ሳቀች። የቀረችው የግራ እጁ ትንሿ ጣት ነበረች። ልጅቱ እሷንም ነክራ፣ እንደምትሰበር ነገር ቀስ ብላ አስጫነቻት። ሠራተኛዋ አጎንብሳ አየች፣ መነጽሯን አውርዳ ደግማ አየች።

«አለ!» አለች። «ይኸው አለ! ስስ ነው እንጂ ይታያል!»

«ይቺ ሰነፍ!» ብሎ ጮኸ ግንበኛው፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞረ። «ዘጠኙ ሲለፉ ዳር ቆማ ስታይ ኖራ! ዛሬ እንኳን ሥራ ገባሽ!»

ትንሿን ጣት ዋናው ወረቀት ላይ በደንብ አስጫኑት። ከዚያ ሠራተኛዋ ቀለሙን ወደ ልጅቱ ገፋ አደረገችው። «የእርስዎ ደግሞ እዚህ፣ ከአባትዎ ሥር።»

ልጅቱ አውራ ጣቷን ተጫነች። ግንበኛው አላስችል አለውና መነጽሩን ከደረት ኪሱ አወጣ፤ አንገቱን አስግጎ የልጁን አሻራ ያየው ጀመር። ቀጫጭን መስመሮች ከመሀል ተነስተው እየዞሩ፣ እየዞሩ እስከ ጣቷ ጠርዝ ይወጣሉ። ከአንዱ ወደ አንዱ በዓይኑ ተከተላቸው። የተፋቀ የለም፣ የተቋረጠ የለም።

«እሰይ» አለ፣ ማንም ሳይሰማው። «እሰይ የኔ ልጅ፣ ሁሉም አለ።»