ውሉ እስኪፈረም

ዘርጋው በገዛ ተሳቢው ጅቡቲ ሲመላለስ ሃያ ዓመት ሆኖታል። በእሱ ዘመን የመኪና ኢንሹራንስ የሚተመነው በሹፌሩ ልብ ነው። ውል ከመታደሱ በፊት ለአንድ ወር አምባር እጁ ላይ ያስሩበታል። አምባሩ ሐዘን ወይም ጭንቀት ካገኘበት ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ትልልቅ ድርጅቶች ያዘነውን ሹፌር በሌላ ይተካሉ፤ ባለ አንድ መኪናው ዘርጋው ግን መኪናውን ከማቆም ሌላ ምርጫ የለውም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ውሉን በአምናው ዋጋ ፈረመና አምባሩን አስፈትቶ ደስ ብሎት ኮምቦልቻ ቤቱ ገባ። ሚስቱ እቴነሽ ጥቁር ለብሳ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላዋ ተቀምጠዋል።

"እማዬ ናት?" አለ።

"ሃያ ሦስት ቀን ሆናቸው።"

ባለፈው ሳምንት ለምሳ ጎራ ሲል ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ፣ እየሳቀች ያበላችው ራሷ እቴነሽ ነበረች። "እናትህ ደሴ እህትህ ዘንድ ሄደዋል" ብላው አምኗት ነበር።

"እንዴት አስቻለሽ?"

"ያስማሉን እሳቸው ናቸው። 'ሳይፈርም እንዳትነግሩት፤ መኪናው ከቆመ ልጆቹ ምን ይበላሉ?' አሉ። ስምህን እየጠሩ ነው ያረፉት።"

ሊቆጣ ፈለገ፤ የሚቆጣው ሰው ግን አጣ። ጎረቤቶቹ ደግፈው ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት። ክረምት ነውና መቃብሩ ሣር አብቅሏል፤ ቄሱ በጣታቸው ባያሳዩት ኖሮ ረግጦት ያልፍ ነበር።