የትምባሆው መጠለያ

ሲልቢኖ የመጀመሪያውን የትምባሆ እስር ከመጠለያ ጎጆዋ ጎትቶ ወደ ጭቃው ወረወረ። ሬድዮው ስለ አውሎ ነፋሱ የተናገረው ገና አሁን ነው።

«ምን አለ?» አለች ሚስቱ ኦብዱሊያ፣ ምርኩዟን ተደግፋ፣ ዝናቡ ፊቷን እየገረፋት።

«ወደ አደጋ ደረጃ ገባችሁ አለ።»

ትርጉሙን በኩባዋ የትምባሆ አገር በፒናር ዴል ሪዮ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። የማሳወቂያ ደረጃ ሲባል ጆሮ ይሰጣል፤ የማስጠንቀቂያ ደረጃ ሲባል ደካማና ከብት ይሸሻል፤ አደጋ ከተባለ ግን መሄድ አበቃ፤ ሰው ባለበት ይቀራል። የመንግሥት ጭነት መኪና ሰዉን መጠለያ ወደተደረገው ትምህርት ቤት ሲያመላልስ የዋለው ትናንት ነበር። ሲልቢኖ ግን ቀኑን የፈጀው ሰው የሚሸሸግባትን ጎጆ በትምባሆ ሲሞላ ነው። ዘንድሮ ሦስት አውሎ ነፋስ ይመጣል ተብሎ ሦስቱም ወደ ባሕሩ ዞረው ቀርተዋል፤ አራተኛውንም እንደዚያው ገመተው።

ጎጆዋን የሠሯት አያቱ ናቸው። ግድግዳ የላትም፤ ጣሪያዋ እስከ መሬት ይወርዳል፤ ወራጆቿ ከመሬት ተተክለው አናቷ ላይ ተጋጥመዋል፤ ነፋስ ቢመጣ የሚጨብጠው አያገኝም። አሁን ከበሯ እስከ ጀርባዋ የዓመት ልፋት ታጭቆባታል።

«ትናንት ምን ብዬህ ነበር፣ አንተ ሽማግሌ?»

«ብለሽኛል።»

«መኪናው ደጃችን ቆሞ ሲለፈልፍ ‹ይሄኛውም ይዞራል› ያልከው ማነው? አውሎ ነፋሱ ያማክርሃል እንዴ?»

«ቀልድሽን ለነገ አቆዪው፤ ጥቂት እስር ላውጣና ግቢ። ቦታው ላንቺ ይበቃል።»

«አንተስ?»

«እኔ ቤት እሆናለሁ።»

ኦብዱሊያ የቤታቸውን ጣሪያ ተመለከተች። ቆርቆሮው ወባ እንደያዘው ሰው መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«አርባ አንድ ዓመት ማንኮራፋትህን ችዬ፣ ዛሬ ብቻዬን ልተኛ? አውጣ ይልቅ!»

አወጣ። ክንዱ ከዛለ ቆይቷል፤ እስሩ ሁሉ ከቀደመው ይልቅ ይከብደዋል። እያንዳንዱን ቅጠል ከችግኝነቱ ያውቀዋል፤ ጎንበስ ብሎ ተክሎታል፣ ትሉን ለቅሞለታል፣ በክር ሰክቶ ከዘንግ ላይ ሰቅሎታል። አሁን አንዱን በሌላው ላይ ይወረውራል፤ ዝናቡም ይጠጣዋል። እርሷ በአንድ እጇ ምርኩዙን ይዛ በሌላው ትጎትታለች።

የሁለት ሰው ቦታ ሲገኝ እርሷን አስቀደመ፤ ተከትሎ ገብቶም ትንሿን በር ከውስጥ በገመድ አሰረ። ከመጥበቡ የተነሣ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመው ተቀመጡ። ውጭ የመጀመሪያው ቆርቆሮ ተገንጥሎ ሲበር ተሰማቸው፤ የማን ቤት እንደሆነ ማንኛቸውም አልጠየቁም።

ለካ ሲልቢኖ አንድ እስር በብብቱ እንደያዘ ኖሯል። ኦብዱሊያ በጨለማው ዳብሳ አገኘችው፤ ቀስ ብላ አላቀቀችውና ከታመመው ዳሌዋ ሥር አደረገችው።